ከልብ

ዓርብ ማታ ኑርዬ፣ ካርቶን በክንዱ አቅፎ፣
ደረጃውን ወጣ፣ ሊፍቱን አሳልፎ፤
እየሳለ ገባ፣ ጉንፋን ሳይኖርበት፣
ካርቶኑ ሲያለቅስ እንዳልሰማበት።

"ምንድን ነው?" ብለው፣ ዝም።
ነቢል ግን ዝም አይችልም፤
ክዳኑን ገልጦ ጮኸ፦ "ማማ፣ ከልብ ነው!"
ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዐረብኛው ቀድሞት፣ ውሻ ማለቱ ነው፤
እኔ ግን ባማርኛ ሰማሁት በጆሮዬ፤
እውነትም፣ ከልብህ ነው ወይ፣ ኑርዬ?

ቀለሙ አሸዋ፣ ጆሮው ካካሉ የሚበልጥ፣
ከዳይድ መንገድ ዳር፣ ከቦቴው ጎማ ሥር
የተለቀመ ፍጡር፤
እቤት ሁለት ልጅ እያለ፣
የኪራዩ ቼክ ቀን እየቆጠረ።

"አይሆንም" አልኩ። "የምሰግድበት ምንጣፍ አለ፤
ዐጅማን ነን፣ አራተኛ ፎቅ፣
የዘበኛው የሺሃብ ዐይን አያንቀላፋም።"
ሦስቱም፣ ኧረ አራቱም፣ አንጋጠው አዩኝ።
ከሁሉም ኑርዬ ባሰ።

ደነገግኩ እንግዲህ፦ "በረንዳ ላይ ብቻ።
አንድ ሳምንት ብቻ። ሰው እስኪገኝ ብቻ።"
ሂክማ፣ አራት ዓመቷ፣ አፌን ተከትላ፣
"ብቻ! ና ብቻ!" አለችው፣ ስሙ መስሏት፣
ጆሮውን ጎትታ።
በቃ፣ ብቻ ተባለ።

ሌሊት፣ ብቻ ብቻውን አለቀሰ።
ሦስቱ ተኝተዋል። ኑርዬ ያንኮራፋል፤
ከልብ ነው ያለውንም እንቅልፍ ወስዶታል።
ተነሣሁ።
ይህን ልቅሶ ዐውቀዋለሁ፤
በሃያ ዓመቴ፣ ሻርጃ፣ በሰው ቤት፣
ከልብስ ማጠቢያው ጎን በተነጠፈች ፍራሽ፣
ፎጣ ነክሼ ያለቀስኩት ነው፣ እመቤቲቱ እንዳትነቃ።
ማንም አልመጣም።
አይፈረድም፣ ፎጣው ወፍራም ነበር።

በሩን ከፈትኩ። አሮጌ ሻርፔን አነጠፍኩለት።
እጄን አሸተተ፤ ሽንኩርት ሸቶት አስነጠሰ፤
ጭኔ ላይ ጋደም አለና ሱብሒ አዛን ደረሰ።
ልብሴን ቀየርኩ፣ ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣
ሰግጄም ስጨርስ በመስታወቱ በኩል አየሁት።

"አንድ ሳምንት" ያልኩት ሰኔ ገባ።
ሰው ተገኘ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤
እኔም አላነሣሁ።
ፀሐይ ጠልቃም አስፋልቱ ይፋጃል፤
ብቻ አንዱን እግር ሲያነሣ፣ ሌላውን ሲያነሣ፣
ጭፈራ የገባ ይመስላል።
ነቢል የትምህርት ቤት ካልሲውን አወለቀለት፣ ሁለት ነጭ፣ ለፊቱ፤
ሂክማም የሷን ለኋላው፣ ሐብሐብ የተሳለበት።
እንዲህ ባለ አራት ካልሲ ሆኖ ወረደ፣
ቀጥታ ከሺሃብ ፊት።

ሺሃብ ከወንበሩ ተነሣ። ልቤ ቀጥ አለ።
ውሻውን አየ። ካልሲውን አየ። ልጆቹን አየ።
"ድመት ናት፣ ማዳም?" አለ፣ ፊቱ ሳይፈታ።
"አዎ፣ ድመት ናት" አለች ሂክማ።
"ደግ። ለድመት ዓሣ ይስማማታል።"
ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ዓርብ ዓርብ፣
የሰርዲን ራስ የተቋጠረበት ፌስታል
በራችን እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ እናገኛለን።

ትናንት የነቢል ደብተር በቀይ ተሰርዞ መጣ።
በቃፍ የሚጀምር ቃል ጻፍ ተብሎ፣
"ቀልብ" ብሏል፤ ልብ ማለት ነው፣ ልክ ነው፤
አጠገቡ ግን የሣለው
ጆሮው የረዘመ፣ ካልሲ ያጠለቀ ነገር ነው።
"ተምታታብኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ።
እኔ ምን እላለሁ፣ ሁለት ቋንቋ አምታቶብኝ
ሦስት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ የማድር ሴት?
"አጥፋውና ሌላ ሣል" አልኩ፣ እናት መሆን ስላለብኝ፤
"ላጲስህ የታለ?"

ዝቅ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ።
"ላጲሱን ብቻ በልቶታል።"