ነጭ ያልሽው መደብ

ቦዩ በረዶ ለብሷል፤ የካቲት ነው፣ ማታ፤
ካታሎግ ተዘርግቷል ከዳር ዳር በተርታ።
እርሳስ ትቀርጫለሽ፣ ሂልትዬ፣ ዝም ብለሽ፣
የደጁን መደብ በወረቀት ስለሽ፤
ረጅሙን ከኋላ፣ አጭሩን ወደ ፊት፣
ከጎኑ ቁጥር አለ፤ የስንዝር፣ የክንድ ልኬት።

«ዘንድሮ ነጭ ብቻ! አልሻም ሌላ ቀለም፤
ከቀለማት ጠብ ውስጥ ይውጣ ደጁ በሰላም።
ቀይማ ጯሂ ነው፤ ቢጫ ይለፈልፋል፤
ሐምራዊ ያለ ቦታው እንደ እንግዳ ያኮርፋል፤
ብርቱካናማውን ግን ስሙን አታንሳብኝ፤
የመንገድ ሠሪ ልብስ ነው፣ ዓይኔን የሚወጋብኝ።»

እኔ ምን አውቃለሁ? የቦይ በር ከፋች ነኝ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በፍሪስላንድ ውሃ፣ ጀልባ ሳሳልፍ የኖርኩኝ።
ቀይ ሲበራ መቆም፣ አረንጓዴ ሲበራ መሄድ፤
እዚህ ላይ አበቃ የቀለም ትምህርቴ መንገድ።

በሚያዝያ ወረድን ከችግኝ ገበያ።
ነጭ አይሪስ አንስቼ ሳሳይሽ መጀመሪያ፣
«ይህ የከረመ ቅቤ ነው! ምኑ ነው ነጭነቱ?»
ብለሽ ገፋሽውና አለፍሽ ወደ ፊቱ፤
ከውሃ ሰማያዊው፣ ከደልፊኒየሙ ዘንድ
ቀጥ ብለሽ ቆምሽ፣ እንዳየ ሰው ሥጋ ዘመድ።
«እየው፣ ዳውዌ» አልሽኝ፤ «ነጭ ማለት ይሄ ነው፤
ንጹሕ፣ የታጠበ፣ ፀሐይ ያደረቀው።»

ሻጩ ቀና ብሎ ሊናገር ከጀለ፤
በዓይኔ ለመንኩት፤ ሳንቲሙን ቆጥሮ ዝም አለ።
ያኔ ለዓይንሽ ሞራ ስም አልሰጠውም ሐኪም፤
እኔም ጠረጠርኩ እንጂ ልናገር አልደፈርኩም።

ሐምሌ ላይ መደቡ እንደ ባሕር ሞላ፤
ከፊቱ ላቬንደር፣ ደልፊኒየም ከኋላ፤
ጥግ ጥጉን ተልባ፣ መሐሉን ደወል አበባ፤
ሰማይ ተዘቅዝቆ ነው ደጃችን የገባ።

ጀልባ ላይ ያሉቱ ቆብ እያነሱልሽ
«ግሩም ሰማያዊ!» ብለው ሲጮኹልሽ፣
«እነዚህ ከተሜዎች ቀለም መች ያውቃሉ?
ነጭ አጥበው ቢያሰጡላቸው ሰማያዊ ይላሉ»
ትዪኝ ነበር ስቀሽ። እኔ ውሃ አጠጣለሁ፤
ሰባት በጋ ሙሉ ነጭ ነው ስል እውላለሁ።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ ከመጋዘኑ ጀርባ፤
የድሮ የቀለም ጣሳ፣ ብርቱካናማ አበባ፤
የእናቴ ዘር ነው፣ ከመሳቢያ የተረፈ፣
ከኔ ጋር ተሸሽጎ ሰባት ክረምት ያለፈ።
ጠዋት ጠዋት፣ ሲጋራ እንደሚያጨስ ተማሪ፣
አየውና እመለሳለሁ፣ አፌን ጠርጌ፣ እንደ ፈሪ።

በስምንተኛው ሰኔ ሐኪም ሞራሽን ገፈፈው።
በማግስቱ ጠዋት፣ ፋሻሽን ስፈታው፣
ደጅ ላይ ቆመሽ ቀረሽ። እጅሽ ክንዴን ያዘ።
የአንዲት ንብ ድምፅ ብቻ በመሃል ተጓዘ።

«ዳውዌ፣ ነጬ የታል?»

«ያልሽው ዕለት ነጭ ነበር።» ሌላ ምን ልበልሽ?
አልጮኽሽም። ዝም ብለሽ ደረጃው ላይ ተቀመጥሽ፤
ቅጠል በቅጠል፣ እንደ ደብዳቤ፣ መደቡን አነበብሽ፤
የእጄን ነጠብጣብ፣ የፊቴን ሽብሽብ አየሽ፤
«አንተም እንዲህ አርጅተሃል! ማን ደበቀህ?» አልሽኝ፣ ስቀሽ።

ከዚያ ብድግ አልሽና ዞርሽ ወደ መጋዘኑ፤
እኔ ባለሁበት ደረቅሁ፤ ደረሰ አልኩ ቀኑ።
ስትመለሺ ጣሳው እቅፍሽ ውስጥ ነበር፤
ዝገቱ ሸሚዝሽን ነክቶት፣ ከአንገትጌሽ ሥር።

ከመደቡ ግንባር፣ ግራ ጠጋ አድርገሽ
አንድ እግር ብቻ ተከልሽ፣ ሌላውን መልሰሽ።
ያ ሁሉ ሰማያዊ፣ ሲያንቀላፋ የከረመ፣
ስሙን እንደ ተጠራ ሰው ቀና ብሎ ቆመ።

«ያው ጯሂ ነው» አልሽኝ፣ አፈርሽን አራግፈሽ፤
«አሁንም አልወደውም።»
ባልዲውን ሰጠሽኝ፣ «እዚያው ይቆይ» ብለሽ።