የእንስላል ዐሥረኛ

ቅዳሜ ገበያ፣ ሰዉ ሲሳሳ ማታ፣
ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ በርጋታ፤
የአዝሙዱን ዐሥረኛ፣ የእንስላሉን ዐሥረኛ፣
ካምላኬ ድርሻ ላይ እንዳልሆን ቀማኛ።
ቋጥሬ አሰርኩት በነጠላዬ ጫፍ፣
ነገ ሎዛ ማርያም ከሙዳዩ ላሳርፍ።

«መስኮት ይከፈታል» ብሏል ሚልክያስ፤
ከፋሲል ግንብ በላይ አየሁኝ እስኪፈስ።

ይኸኔ አጣናው፣ ተሸካሚው ልጅ፣
ቆሞ ኖሯል ለካ ከሸራዬ ደጅ፤
ካይሱዙ ላይ ወጥቶ ጆንያ ያወረደ፣
ሦስት ቅዳሜ ሙሉ «ነገ» ስል የሄደ።
«እትዬ» አለ ብቻ፤ ሌላ አልጨመረም፤
ገመድ የላጠው እጅ ግን አልተሰወረም።

ያ ሁሉ ቆጠራ፣ ያ ሁሉ ዐሥረኛ፣
የሱን ላብ ጨምሮ...
ማን ነበር ቀማኛ?

ዘጠኙ ውስጥ ነበር የልጁ እንጀራ፣
ዐሥረኛዋም ውስጥ፣ ከማርያም ጋራ።

ከፈልኩት። ቆጠርኩኝ፣ አንድ ብዬ ከሥር፤
አነሰች ያቺ አንዷ፣ ያቺ አንዷ ካሥር።
ሰማዩ እንዳለ ነው፤ መስኮት አላየሁም፤
ብቻ ሸራ ስናጥፍ
ዐይኑን አልሸሸሁም።