ፊት የሌለው ሥዕል

ክሊቭላንድ፣ ጥር ወር፤ ሐይቁ በረዶ ነው፤
ከሙዚየሙ ምድር ቤት፣ መስኮት ከሌለው፣
በጥጥ ነው ሥራዬ፣ በገዛ ምራቄ፣
ጣት የማያህል ቦታ፣ ትንፋሼን ጠብቄ።
ምራቅ ስል አትሳቁ፤ ብዙ ሞክሬያለሁ፣
ከጠርሙሱ ሁሉ እሱን አምነዋለሁ።

ዛሬ ከፊቴ ያለው የአርዲስ ሸራ ነው፤
ቀይ በጥቁር ላይ፣ ቁመቱ ልጅ የሚያህለው።
አርዲስ ፔልትየር ሣለችው፣ በሃምሳዎቹ በአንዱ ዓመት፣
ኒው ዮርክ፣ ከዓሣ መጋዘን ሰገነት፣
ወንዶቹ ባር ቁጭ ብለው ነጻነት ሲያደንቁ፣
የእሷ ጣቶች በቀለም ማቅጠኛ ሲሰነጠቁ።
"ይህ ሥዕል ፊት የለው፣ ኋላም አይኖረው"
ሲል ጻፈ አንዱ ሐያሲ፣ ምሳ ያቻኮለው።

እሷ ሸራ ተወዶባት፣ ከቨርሞንት ሐራጅ
በሦስት ዶላር አሮጌ ገዝታ ነበር፤ ትናንት ራጅ
ባነሣው፣ ከቀዩ ሥር ተራራ ወጣ፣
ጭጋጉ የወርቅ ማለዳ የጠጣ፤
ባቡር ጭሱን እንደ ክር ሲጎትት፤ ሸለቆው ያማረ፣
ግን ሰው የሌለበት፣ ሰው እየነበረ።
ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ አቤናኪዎች የት ገቡ?
ብሩሽም ሰው ያፈናቅላል፤ ያውም በውበት ሰበቡ።

ከተራራው ሥር ደግሞ፣ ቀጥ ያለች አንዲት ልጅ፤
ቀሚሷ እንደ ሣንቃ፣ እንደ መቅዘፊያ እጅ።
ጄዲዲያ ስተርጅስ፣ የመጠጥ ቤት ሰሌዳ ቀቢ፣
በጋሪ የዞረ፣ የድንች ደመወዝ ሰብሳቢ፣
መምህር አላየም፤ ጥላ መጣል አያውቅ፤
እጅ ቢያስቸግረው፣ ቼሪ አስያዛት ሊደብቅ።
ስሟ ከጥጉ ላይ፣ ታንክፉል ይላል፤
አመስጋኝ ማለት ነው። አንድ ጫማዋ ወልቋል፤
ሟች ናት ማለት ይሆናል። ከሣጥኗ አጠገብ ቆሞ
ሣላት፣ የዓይኗን ቀለም ከእናቷ ተበድሮ ደግሞ።

የአርዲስ ቀይ ወፍራም ነው፣ እንደ ሊጥ የተነሣ፤
ልጅቷ ፊት ላይ ሲደርስ ግን፣ ሻሽ አከለ፣ ሳሳ።
አይታት ነው? ክንዷ ዝሎ? ማንን ልጠይቅ አሁን?

ሚስተር ሃልቮርሰን፣ አለቃዬ፣ "ይፋቅ ወይ?" ይለኛል፤
"ልጅቱ ትሻላለች፤ ተመልካች ይጎርፋል።"
አልመለስኩለትም። ጥጤን አረጠብኩ፤
ከቀዩ ጠርዝ ጀመርኩ፤ አንድ ጣት ጠረግኩ።
ከቅጹ ግርጌ፣ "አስተያየት" በሚለው ክፍት ቦታ፣
"ፊት ነበረው" ብዬ ጻፍኩ፤ አፌ ደርቋል በዚህ ማታ።