አራተኛው ዘፈን ላይ

ከበርበሬ ተራ ጥግ፣ ቡሬ መናኸሪያ፣
አለችኝ አንዲት ሱቅ፣ የዘፈን ማደሪያ።
«ሚሞሪ እንጭናለን» ይላል በሩ ላይ ካርቶኑ፣
ከሥሩም «ዱቤ የለም»፣ ቢቆጡም ቢለምኑ።

«አራት ማዕዘን» የሚሏቸው ለግላጋ ወጣቶች
አልበም ያወጡ ሰሞን፣ ተነሡ ተቺዎች።
(ከአራቱም ሦስተኛው፣ ልየው፣ የኛው ልጅ ነው፣
የጋሽ አንሙት በኩር፣ እዚሁ ተራ ያደገው።)

ይበልጣል ባጃጁን በሬ ላይ አቁሞ፣
«ቤዙ ሳሳብኝ» አለ ፊቱን አጨልሞ።
«ወንበሩን ካላራደ፣ ካላርገበገበ በሩን፣
በምን ልወቅ እኔ ዘፈን መጀመሩን?»

መምህር ስሜነህ ወረቀት ይዞ መጣ፣
እያንዳንዱን ስንኝ በቀይ ቀለም ሲቀጣ፦
«‹ፍቅር›ን ከ‹ፍቅር› ጋር ደርበው ገጠሙ፤
ምናለ ቃል ትተው ዝም ብለው ቢያዜሙ!»

ውብአንቺ ከትምህርት ቤት፣ ደብተሯን ታቅፋ፣
አምስት ብሯን ደግሞ ስድስት ቦታ አጥፋ፦
«ሁሉንም ጫንልኝ። ሰባተኛውን ግን ሁለት ጊዜ።»
«ሁለት ጊዜ ለምን?»
«አንዱ ቢጠፋብኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሙሉሰው መላጣ ነው፦
«የሁለተኛው ልጅ፣ ፀጉሩ ነው የሚዘፍነው፣
ድምፁ አጃቢ ነው» አለ። ማማት ግን አይወድም፤
ከዚያ ቁርጥ በቀር ዘንድሮ ሌላ አይሄድም።

እማማ ጥሩዓለም በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው፦
«ምን ያስጮሃቸዋል? ደግሞ ማን ሞተባቸው?»
ልቀንሰው ስል ግን «ተው!» አሉኝ ተቆጥተው።

የኔን የጠየቀ የለም። እኔ ግን አንዳንዴ፣
ሱቁን ዘግቼ ስሄድ፣ ራብ ሲይዘው ሆዴ፣
ዘጠነኛው ይመጣል፤ ግማሹን ስለማላውቀው፣
እስከ ቤቴ ድረስ በፉጨት ነው የምሞላው።

ከዚያ እንዳላማው መጣ፣ ሠርግ ቀራጩ፣ ጆሮ ያለው፦
«አራተኛው ዘፈን ላይ ሲር የሚል ነገር አለው፤
‹ነገ› ከማለቱ በፊት። ፋይልህ ተበላሽቷል።»
ከዚያ ወዲያ ማን ይቅር፣ ለሁሉም ተሰምቷል፤
ባጃጁም መምህሩም «ሲር ይላል! ሲር ይላል!»

እኔም ለደንበኛ ስል፣ ማውሴን ጨብጬ፣
አንዲት ሩብ ሰከንድ ከመሃል ቆርጬ፣
ጠረግኩት ዘፈኑን፤ እንደ ብርጭቆ አጠራሁ፣
ለቡሬ በሙሉ ንጹሑን ሸጥኩ፣ ኮራሁ።

ቅዳሜ ነው። ገበያ። ጋሽ አንሙት ገቡ፣
የበርበሬ ብናኝ ከላይ የደረቡ።
«የልየውን አሰማኝ» አሉ፤ ወንበር ሳቡ።

አራተኛውን ከፈትኩ። ዐይናቸውን ጨፈኑ።
አራት ድምፅ አንድ ላይ፣ ወተት በወተት ላይ ሆኑ።
«የታል?»
«ይኼው፣ ጋሼ፤ አሁን ‹ነገ› ያለው።»
«እሱ አይደለም» አሉ። «ልጄን አውቀዋለሁ።
ሳይስብ አያወጣም። እዚህ ከጆንያ ሥር፣
ዛላ ሲቀነጠስ፣ ዱቄቱ ሲበጠር፣
ደረቱ ተዘግቶ ነው ያደገው ልየው፤
ያችን ሲርታ ስቆጥር ነበር ሌሊቱን የማነጋው።»

ጆሮዬ ጋለብኝ። የጣልኩትን ፍለጋ
የኮምፒውተሩን ቅርጫት ገለበጥኩ፣ ልቤ ከእጄ ሲላጋ።
እሳቸው ዝም ብለው ግድግዳ ያያሉ።
አገኘሁት። ከፈትኩ።

ሲር።

ጣታቸው ተነሣ። «ይኸውና!» አሉ።

ዘፈኑ ሲያበቃ፣
«አልበሙስ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣
አምስት ብር አስቀመጡ፣ ቀይ ነው መዳፋቸው፦
«አልተሻለውም» አሉ። «አዲስ አበባ ብርድ ነው?»

ሰኞ እንዳላማው መጣ፦ «ያ ነገር ተመለሰ!»
አልመለስኩለትም።
ከሱቁ ጀርባ ሙቀጫ ተነሣ፣ ነፋሱም ነፈሰ፤
ሊደግመው አፉን ከፈተ፣
ሳበ፣
አስነጠሰ።