ከስሙ ሥር

እኔ ቴውኒስ ነኝ፥ አትክልት ኮትኳች፣
ላይደን ከተማ፥ ከቦዩ በታች።
ላቲን አልቆጠርሁም፤ ፊደል አልዘለቀኝ፤
ውርጭ ሲመጣ ግን ጉልበቴ ነው የሚነግረኝ።

ያን አሜሪካዊ ጠይቁኝ እንግዲህ፣
ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ወዲህ።
ስሙ ኤልናታን፥ አባቱ ወፍጮ አለው፤
ሕክምና ሊማር ነው መርከብ የጫነው።

የመጣ ዕለት ካፊያ ነበረ፤
ኮቱን ገልብጦ ገበሩን ተረተረ፤
ከስፌቱ መሃል ዘር ፈሰሰ፥ ዘር፣
አንዱ እንደ ቁንጫ፥ አንዱ እንደ ጠጠር።
«እናቴ ናት» አለኝ «እዚህ የሰፋችው፣
የመርከቡ አይጦች እንዳይደርሱበት ነው።»

ቀን ቀን ሬሳ ቤት፥ ሊቃውንቱ መሃል፣
ጅማት ይቆጥራል፥ ደም ሥር ይከተላል፤
ማታ እኔ ዘንድ መጥቶ ሥር ይምሳል።
«እጅህን ታጠብ» እለው ነበር።
ይስቃል። «ቴውኒስ፥ ያው እኮ ነው፤
ያም ሥር፥ ይህም ሥር።»

አንድ ማታ፥ ዝናቡ መስተዋቱን ሲመታ፣
ምድጃው ዳር ቆዝሞ እንዲህ ሲል አወጋኝ፦
«በልጅነቴ ነው፤ ንዳድ ያዘኝና
ሐኪሙ መጣልኝ፥ ደሜን አፈሰሰ፤
ሲሄድ ለአባቴ ‹ሣጥን አሠራ› አለ።
ከወንዙ ማዶ፥ ከቀደሙት ሰዎች፣
አንዲት አሮጊት መጣች።
ቅርፊት ቀቀለች፤ መራራ፥ እንደ ሐሞት፤
በሦስተኛው ቀን ዳቦ ለመንሁ ከእናት።
ኋላ ዛፉን አሳየችኝ፤ ይህ ነው ዘሩ።»
ከዚያ ዝም አለ። እኔም አልጠየቅሁ።

ከዚያ ሁሉ ዘር የበቀለው አንድ።
ሁለት የበረዶ ወራት ጠበቅነው፣
ማሰሮውን ልደፋ ስል ነው ያየሁት፣
አፈር ሰንጥቆ፥ አንድ አረንጓዴ ምላስ።
በሌሊት ሄጄ በሩን ደበደብሁ፤
በሌሊት ልብሱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤
ሐኪም ሲያለቅስ ያኔ ነው ያየሁ።

ተመረቀ። ቆብ ደፋ። ደወል ተደወለ።
ሊሄድ ሲል ሚስማር በእሳት አጋለ፣
በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ሲጽፍ አመሸ፤
ችግኙ አጠገብ ተከለው።
«ምን አልህ እዚህ ላይ?»
«ስሙን» አለኝ፥ ዓይኑን ሰብሮ።

በየዓመቱ ዘር ላከ፥ በወረቀት ጠቅልሎ።
ኋላ ከማላውቀው እጅ አንድ ደብዳቤ መጣ፤
መምህሩ ቆሞ አነበበልኝ፦
ከተማውን ቢጫ ወባ ገብቶበት፣
ያለው በሠረገላ፥ የሌለው በእግሩ ሲሸሽ፣
እሱ ቤት ለቤት ዞረ፤
ያስታመማቸውን ተከትሎ ሄደ።

በዚያው ዓመት የመዳብ መለያ መጣ፣
የመምህሩ ስም፥ የላቲን ጅራት ተቀጥሎለት።
«አሮጌውን እንጨት ጣለው» አሉኝ።
ጣልሁት፤
እዚያው ሥሩ ላይ፥ ፊቱን ወደ አፈር።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ አልትየ፣
ፊደል የቆጠረች፥ ዓይነ ፈጣን ናት፣
ስትኮተኩት አገኘችው።
ግማሹን ምስጥ በልቶታል። በምራቋ ጠርጋ አነበበች።
ላቲን መስሎኝ ነበር፥ ያን ሁሉ ዘመን፤
ለካ ከእኔ በለቃቀመው ሆላንድኛ ነው፥ ከነስሕተቱ፦

«ስሙን ነግራኝ ነበር።
እኔ ነኝ የረሳሁት።»

አፈሩን መልሼ ከደንሁት።
ዛፉ ዛሬ ከጣሪያው በላይ ነው፤
ጎብኚ ይመጣል፥ መዳቡን ያነባል፥
ጮክ ብሎ በስሙ ይጠራዋል።
ዛፉም እንደ እኔ ነው፥ ላቲን አይገባውም፤
ሲጠሩት አይሰማም።