የመሳቢያው ማኅተም

ከነጩ ገደል ሥር፣ ዶቨር ወደብ ዳር፣
ባሕር ከመርከብ ጋር ሲጨቃጨቅ ሲያድር፣
ክላይቭ ሆግበን ነበር፤ የኬላ ጸሐፊ፣
የቅቤ፣ የወይን፣ የብረት አሳላፊ።
ካለ እሱ ማኅተም ንቅንቅ የለም፣
የሊዮኑ ሐርም፣ የኖርማንዲው ፖም።
ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል፤
ክላይቭ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፣ ይደምራል፤
ከዚያ ጧ! ያደርጋል።
በሩ ይከፈታል።

በዘጠና ሦስት፣ በጃንዋሪ ማለዳ፣
"ከእንግዲህ ሸቀጥ ወገን ነው፣ አይባልም እንግዳ፣
አንድ ገበያ ሆንን" ሲል አዋጁ ወጣ፤
ቀረጡ ተነሣ፤ ለክላይቭ ቁርጥ መጣ።
ትልልቅ ሰዎቹ ሪባን ሲቆርጡ፣
እሱና ጓዶቹ መሳቢያ ገለበጡ።
የስንብት ኬክ ነበር፣ በላዩ የተጻፈ
"እናመሰግናለን"፤ ክሬሙ የተንጠፈጠፈ።
ማኅተሙን ሰጡት እንደ መታሰቢያ፤
እሱም ቀበረው ከካልሲው መሳቢያ።

"አዘነ ወይ?" ብትሉኝ፣ ሁለት ክረምት አዘነ፤
አይስክሬም ሸጠ፤ በርካሹ የፈረንሳይ ወይን ተጽናና፤ ሰው ሆነ።
መኪናው ሳይቆም ሲያልፍ በመስኮት ያያል፤
"እኔን የጣለ ጎርፍ ስንቱን አጠጥቷል!" ይላል።

ያ ጎርፍ ካጠጣቸው ሮዌና ስቴድ ነበረች፤
ከአያቷ በወረሰችው በረት ቺዝ ትሠራለች።
አርባ ክብ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በትንሽ ቫን ጭና፣
ለቁርስ ካሌ ደርሳ፣ ለምሳ ሊል ገብታ ትሸጣለች በጤና።
የዕቃው ዝርዝር አንዲት ወረቀት ነበረ፤
እሱንም አሳዪኝ ያላት ሰው አልነበረ።

በሁለት ሺህ ሃያ አንድ ሌላ ጃንዋሪ ነጋ፤
ተፋታን አሉ፤ ንብረት ተቆጠረ፤ በር ተዘጋ።
"ከቀረጥ ነጻ ነው" ይላል ስምምነቱ፤
ነጻ መሆኑን ማስመስከሪያው ግን፣ አቤት ወረቀቱ!
ላሟ የት ተወለደች? ምን በላች? ማን አለባት?
ሐኪም ይፈርምላት፤ ፊርማው እውነት መሆኑን ሌላ ይመስክርላት።
የአርባ ክብ ቺዝ ትርፍ ለሐኪም ፊርማ ሄደ፤
ሮዌና ብትደምር ብትቀንሰው ከዜሮ ወረደ።

እኔም በዚያው ሰሞን አስተላላፊ ቢሮ ገባሁ፤
"የጉምሩክ ሥራ ታውቂያለሽ?" ሲሉኝ፣ "አዎ" ብዬ ዋሸሁ።
ማንም አያውቅም ነበር፤ ያወቁት አርጅተዋል፤
"ክላይቭ አለ" አለ አለቃችን፤ "ሰባ ሞልቶታል፣ ግን ይሠራል።"

ገባ። ከረባት አስሯል። ከኪሱም አወጣ፤
በካልሲ ጠቅልሎ ያን ማኅተም ይዞ መጣ።
ሳቅን። "ጋሼ፣ አሁን እኮ ሁሉም በስክሪን ነው።"
እሱም ሳቀ። "ስክሪኑም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤
ምንድን ነው? የማን ነው? ስንት ነው?"

ከመስኮቱ ማዶ መኪናው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ፣
ዶሪን የሚባል ሹፌር፣ ከክሉዥ የመጣ፣ ሦስት ሌሊት ጎማው ሥር አልፎ፣
የቆመበት ምክንያት አንዲት ቁጥር ነበረች፤
በስምንት ፈንታ ሦስት ጽፌ፣ እሷ አስራው ዋለች።
ወጣሁና "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት፤
ሰርዲኑን አካፈለኝ፤ እዚያው ቆሜ በላሁት።

በየካቲት መጨረሻ ሮዌና መጣች፤ ቺዝ ይዛ አይደለም፤
ቫኑ ተሸጧል፤ የሊሉ ደንበኛዋ ከሆላንድ ይገዛል፤ አይፈረድበትም።
"አንተስ ሥራ አገኘህ" አለችው በዝግታ፤
ክላይቭ ማኅተሙን አገላበጠው በጸጥታ።
"በሩ ሲከፈት እኔ ወጣሁ፤ ሲዘጋ አንቺ ወጣሽ፤
ይቅርታ፣ ኬክ እንኳን አላዘጋጁልሽ።"

ሳቀች፤ ወይም ሳል ነው።
"እስቲ ምታልኝ" አለች፣ የእጇን ጀርባ ዘረጋችለት።
ቀለሙ ከደረቀ ሃያ ስምንት ዓመቱ፤ እፍ አለበት፣ ምራቅ ነካ አደረገበት፤
ጧ!
ቆዳዋ ላይ ግማሽ ዘውድ፣ ግማሽ ቀን፤ ሌላው የለም።
ዲሴምበር ሠላሳ አንድ። ዓመተ ምሕረቱ አልታየም።
ውጭ አንድ መኪና ሞተር አስነሣ፤
ወዴት እንደሚሄድ ግን አላየሁም።