ሦስት ዓመት ለአንድ «አላውቅም»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በሆስፒታል ኮሪደር፣
ከእጄ የሚያመልጥ ደም ሥር አልነበር።
ሌሊት ስጠራ፣ የጫማዬን ክር ሳላስር፣
መድኃኒቱን ከነመጠኑ በቃሌ ስዘረዝር፣
«ዶክተር ራንኪን መጣች» ብለው እፎይ ሲሉ፣
እኔም የያዝኩት መስሎኝ፣ ካንሰርን ከነውሉ።

ዛሬ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ደንዲ ከተማ ላይ፣
አራተኛ ፎቅ፣ የቴይ ወንዝ ከመስኮት በሚታይ፣
ሺና እጄን በእጇ ይዛ፣ ፊደል እንደምታስጽፍ፣
ፒፔት አያያዝ ታሳየኛለች፤ ጠብታዋ እንዳትተርፍ፣
እንዳትጎድል።
«አውራ ጣትሽን ቀስ አድርጊው። አትጣደፊ፣» ትላለች፣
«እዚህ የሚሞት የለም።»

ሺና ዲግሪ የላትም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ
ስንቱን ሐኪም ከዚህች ክፍል ተመራማሪ አድርጋ ሸኘች።
ፎቷቸው ግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ እሷ የለችበትም፤
ያነሣቻቸው እሷ ነች።

ወገቤን እዳብሳለሁ፤ መጥሪያዬ የለም።
የሚጠራኝም የለም።
ስምንት ሰዓት ሙሉ አንዲት ነፍስ አላዳንኩም፤
ደክሞኛል፤ እንደዚህ ግን ደክሞኝ አያውቅም።

ሐሙስ ሐሙስ ወደ ክሊኒኬ እመለሳለሁ።
ዱገልድን ያገኘሁት እዚያ ነው፤
በዚያ በመስኮቴ በሚታየው ድልድይ
ሠላሳ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው።
የምርምሩን ቅጽ ስሰጠው፣ መነጽሩን አውልቆ፣
«ለእኔ ይደርሳል?» አለ፣ ዓይኑን ከሚስቱ ሰርቆ።
«አይደርስም፣» አልኩት።
«እንግዲህ ለሚቀጥለው ባቡር ነዋ፣» ብሎ ፈረመ።

ከቆሽቱ የተቆረሰው በበረዶ ሣጥን መጣ፣
ከምስር ፍሬ የማይበልጥ።
ስሙ ተፍቆ ቁጥር ሆነ፦ አራት መቶ አሥራ ሰባት።
የማን እንደሆነ ማወቅ አይፈቀድልኝም።
ቀኑን ግን አውቃለሁ።
በየሁለት ቀኑ፣ እሑድ ሳይቀር፣ እየተነሣሁ፣
ሮዝ ፈሳሹን እየለወጥኩ፣ እንደ አራስ ልጅ አጠባሁት።
አደገ።
ማደጉን በማይክሮስኮፕ አይቼ፣ ደስ አለኝ፤
ደስ ማለቱ አሳፈረኝ፤
ያችኑ ሐሙስ፣ ይህንኑ እድገት በራጅ አይቼ፣
ለሚስቱ ለጄሲማ የምነግርበት ቃል ጠፋኝ።

በዘጠነኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጧት፣
ሳህኑ ነጭ ጸጉር አብቅሎ ጠበቀኝ፦ ሻጋታ።
ዘጠኝ ሳምንት!
ቆሽት ሳጠና ቆሽቴ አረረ።
«የሚሞት የለም አላልሽኝም?» ብዬ ሺና ላይ ጮህኩ።
ዝም ብላ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ከጭሱ መሃል
በመጀመሪያው ሳምንት ሳትነግረኝ የደበቀችውን
አንዲት ብልቃጥ አወጣች።
«ሰው ነበር ያልኩሽ፣» አለችኝ።

በሦስተኛው ዓመት መድኃኒቱን ሞከርኩበት።
ዱገልድ ካረፈ ዓመት ከስምንት ወሩ፤
አራት መቶ አሥራ ሰባት ግን
መድኃኒቱን እንደ ውሃ ጠጣው። ሦስቴ።
ፕሮፌሰር ኪኒርድ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ፣
«አልሠራም ነው ወይስ አልሠራልሽም?» አለኝ። ለአንድ አፍታ
ሁለቱን መለየት አቃተኝ።
አራተኛ ሞከርኩ።
አልሠራም። ብዬ ጻፍኩት፣ ከነነጥቡ።

ቅዳሜ ማታ፣ ዝናብ፣ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ በር፣
ሰልፉ ውስጥ ጄሲማ ከፊቴ ነበረች።
«የእሱ ነገር...» አለች ዞራ፣ «አንዳች ነገረሽ?»
ውሸት ምላሴ ላይ ነበር፤ ለዘጠኝ ዓመት የገራሁት፣ ለስላሳ።
«እስካሁን የነገረኝ፣ በዚህ መንገድ እንዳልሄድ ነው፣» አልኳት።
ዝናቡን አየችው።
«ዱገልድም እንዲያ ነበር። መንገድ ሲጠይቁት
መጀመሪያ የተዘጋውን ነው የሚናገር።»
ዓሣዋን በወረቀት አስጠቅልላ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን፣
መልሱን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ሄደች።

ተራዬ ደረሰ።
«ምን ልስጥሽ?» አለኝ ሻጩ።
አላውቅም አልኩት።